የፒክአፕን ኋላ ዝቅ አድርጎ ከፊቱ ጋር ማስተካከል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኋላቸው በባሌስትራ፣ ማለትም ተደራርበው በታሰሩ የብረት ምላሶች፣ ላይ ስለተቀመጠ ፒክአፖች፣ በተለይም በአገራችን መንገድ ላይ ስለሚበዛው ቶዮታ ሃይሉክስ፣ ባለመኪኖች ደጋግመው ከሚጠይቁኝ የተሰበሰበ ነው።

የፒክአፕ ኋላ ባዶውን ሲሆን ለምን ከፊቱ ከፍ ይላል?

ፋብሪካው ሆን ብሎ ስለሠራው ነው። ፒክአፕ ጭነት ሊሸከም የተፈጠረ መኪና ነው፤ ጭነቱ ደግሞ ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚያርፈው በኋላ እግሩ ላይ ነው። እንደ ሃይሉክስ ያለው መኪና አንድ ቶን ገደማ፣ ማለትም ዐሥር ኩንታል አካባቢ እንዲጭን ታስቦ ሲሠራ ባሌስትራው ቀስት ሆኖ ይወጠራል። ጭነቱ ሲያርፍበት ቀስቱ ይተኛል፤ መኪናው ደልዳላ የሚሆነው ያን ጊዜ ነው። ባዶውን ቀጥ ብሎ ቢሠራ ኖሮ ሲጫን ኋላው ይዘቅጣል፣ አፍንጫው ሽቅብ ያያል፣ የፊት መብራቱም ከፊት ለፊት በሚመጣው ሹፌር ዓይን ላይ ይተከላል።

ስለዚህ ያ ከፍታ ጉድለት አይደለም፤ ለጭነት የተተወ ቦታ ነው። ከዚህ በታች ያለውን ስታነቡ ይህን አንድ ነገር ያዙልኝ፦ ኋላውን ስታወርዱ የምትቀንሱት ከዚያ ቦታ ላይ ነው።

ታዲያ ማውረድ ለምን ያስፈልጋል?

መኪናውን ለጭነት የማይጠቀምበት ሰው ብዙ ስለሆነ። ደብል ጋቢና ፒክአፕ ይዞ ልጆች ትምህርት ቤት የሚያደርስ፣ ቢሮ የሚመላለስ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ የቤት ዕቃ የሚጭን ሰው፣ አፍንጫውን የደፋ መኪና ዓመቱን ሙሉ መንዳት አይፈልግም። ዕቃ ለመጫንና ለማውረድም ዝቅ ያለ ኋላ ይቀላል። መልክም ምክንያት ነው። ሰው መኪናውን ባየ ቁጥር ደስ እንዲለው መፈለጉ የሚያሳፍር ነገር አይደለም።

ነገር ግን አንድ የተሳሳተ ተስፋ አለ። ብዙ ሰው ኋላው ሲወርድ መኪናው የሚለሰልስ ይመስለዋል። ከፍታ ሌላ ነው፣ ጥንካሬ ሌላ። ታኮ (በባሌስትራውና ሁለቱን የኋላ ጎማዎች በሚያገናኘው አክስል መሃል የሚገባ ብረት) አውጥታችሁ ወይም ማንጠልጠያ (የባሌስትራውን የኋላ ጫፍ የሚይዝ) አሳጥራችሁ ብታወርዱት፣ ባሌስትራው ያው ባሌስትራ ስለሆነ ኮረኮንች ላይ የሚያነጥረው እንደ በፊቱ ነው። የሚለሰልሰው ከባሌስትራ ድርድሩ ላይ ሲቀነስ ብቻ ነው።

የእኔ መኪና ከፋብሪካ እንዲህ ነው የመጣው ወይስ የቀድሞው ባለቤት አስጨምሮበታል?

ያገለገለ ፒክአፕ የገዛ ሁሉ አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባው ጥያቄ ይህ ነው። በአገራችን ባሌስትራ ማስጨመር የተለመደ ነው። እህል የሚጭን፣ ሲሚንቶ የሚያመላልስ ሰው መኪናውን ገዝቶ መጀመሪያ የሚሄደው ባሌስትራ ቤት ነው። እናንተ ዛሬ «ኋላው ተሰቀለ» የምትሉት ከፍታ ግማሹ የእሱ ሥራ ሊሆን ይችላል።

ለማወቅ ከመኪናው ሥር አጎንብሱና በባትሪ እዩ። የባሌስትራዎቹን ቁጥር በግራም በቀኝም ቁጠሩ። ውፍረታቸውን አስተያዩ፤ የተጨመረው ብዙ ጊዜ ከጎረቤቶቹ ይወፍራል፣ ጫፉ በእሳት የተቆረጠ ይሆናል፣ ዝገቱም የተለየ ቀለም አለው። ከዚያ በ«ዩ» ቅርጽ የታጠፉትን ቡሎኖች እዩ። አዲስ ከሆኑና ከዳዶው በላይ ብዙ ጥርስ ከተረፋቸው አንድ ሰው ፈቷቸው ያውቃል ማለት ነው። በመጨረሻም በአክስሉና በባሌስትራው መሃል የብረት ታኮ መኖሩን አረጋግጡ። አንዳንድ ፒክአፕ ታኮው ከፋብሪካ አለው፤ ጋራዥ ያስገባው ከሆነ ግን የብየዳ ወይም የመጋዝ ምልክት አይጠፋበትም።

የተጨመረ ነገር ካገኛችሁ ሥራው ቀለለ። የተጨመረውን አስወጡ፣ መኪናውን ለአንድ ሳምንት ንዱት፣ ከዚያ እንደገና ለኩ። ብዙ ጊዜ ከዚያ በላይ መሄድ አያስፈልግም።

ስንት ሳንቲ ሜትር ማውረድ አለብኝ? እንዴትስ ልለካ?

የጎማዎቹን ንፋስ በሹፌሩ በር ምሰሶ ላይ በተለጠፈው ልክ ሙሉ። ነዳጁ ግማሽ አካባቢ ይሁን፣ ጋቢናው ውስጥ ሰው አይኑር፣ ኋላ ላይ የተረሳ ዕቃ ካለ ይውረድ። ደልዳላ ሲሚንቶ ላይ አቁሙት። ወለሉ ደልዳላ መሆኑን በዓይን አትመኑ፤ አንዴ ለክታችሁ መኪናውን አዙሩና እዚያው ቦታ ላይ እንደገና ለኩ። ሁለቱ ልኬቶች ከተለያዩ ወለሉ ዘንበል ያለ ነው፣ አማካዩን ውሰዱ።

አብዛኛው ሰው የሚለካው ከጎማው እምብርት እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ነው። ይህ ከሥራው በፊትና በኋላ ያለውን ለውጥ ለማወቅ ጥሩ ነው፤ መኪናው ቀጥ ማለቱን ለመፍረድ ግን አይሆንም። የፊቱና የኋላው ፓራፋንጎ አቆራረጥ አንድ ላይሆን ስለሚችል ቁጥሩ እኩል ሆኖ መኪናው የተጋደመ ይሆናል። ቀጥታውን የሚናገረው ከበሮቹ ሥር ያለው ረጅሙ የብረት ደፍ ነው። ከፊተኛው ጫፉ እስከ ወለሉ፣ ከኋለኛው ጫፉ እስከ ወለሉ ለኩ።

አሁን ወደ ቁጥሩ። የለካችሁት ልዩነት አምስት ሳንቲ ሜትር ከሆነ አምስቱንም አታውርዱ። አንድ ወይም አንድ ተኩል ሳንቲ ሜትር ለኋላው ተዉለት። ሦስት ሰው ከኋላ ወንበር ሲቀመጥና ሻንጣ ሲጫን ያ ትርፍ ያልቃል። ከመወሰናችሁ በፊት ደግሞ አንድ ሙከራ አድርጉ፦ አራት ከረጢት ሲሚንቶ፣ ማለትም ሁለት ኩንታል፣ ጫኑበትና ዞር ብላችሁ እዩት። እኔ ይህን ባደረግሁበት ቀን ላስወርደው ካሰብኩት አንድ ሳንቲ ሜትር ቀንሼ ተመልሻለሁ።

በምን በምን መንገድ ይወርዳል?

ባሌስትራው ከአክስሉ በላይ ለተቀመጠበት ፒክአፕ፣ ይህም እንደ ሃይሉክስ ፎር ዊል ያለው ነው፣ ሦስት መንገዶች አሉ። አንደኛው ታኮ ካለው ታኮውን ማውጣት ወይም በቀጭን መተካት ነው። ከሁሉም የጠራው መንገድ ይህ ነው። ሦስት ሳንቲ ሜትር ውፍረት ካወጣችሁ የሚወርደው ልክ ሦስት ነው፤ ባሌስትራው አይነካም፣ የመሸከም ኃይሉም እንዳለ ይቀራል። ታኮውን ስታወጡ ግን የ«ዩ» ቡሎኖቹ ይረዝማሉ፤ ዳዶው የጥርሱ መጨረሻ ላይ ደርሶ ሳያጠብቅ ይቆማል። አጠር ያሉ አዳዲስ ቡሎኖች አስቀድማችሁ ግዙ። አሮጌዎቹም ቢሆኑ አንዴ በኃይል ጠብቀው የተሳቡ ናቸውና መልሶ መጠቀም ተገቢ አይደለም።

ሁለተኛው ባሌስትራው በኋላ ጫፉ የሚያያዝበትን ተወዛዋዥ ማንጠልጠያ፣ ሻክል የሚባለውን፣ መቀየር ነው። የባሌስትራው የፊት ጫፍ ሻንሲው፣ ማለትም የመኪናው የብረት አጽም፣ ላይ እንደታሰረ የሚነሣው የኋላ ጫፉ ብቻ ስለሆነ፣ መሃል ላይ ላለው አክስል የሚደርሰው ግማሹ ነው። ማንጠልጠያውን በስድስት ሳንቲ ሜትር ብትቀይሩ ኋላው የሚወርደው ሦስት ያህል ነው። አሠራሩንም አስተውሉ። ማንጠልጠያው ከሻንሲው ወደ ታች ተንጠልጥሎ ከሆነ በአጭር ሲተካ ይወርዳል፤ የሻንሲው መያዣ ከታች፣ ባሌስትራው ከላይ ከሆነ ግን በረጅም ሲተካ ነው የሚወርደው። ይህን ሳያዩ ገዝተው መኪናቸውን ከፍ ያደረጉ ሰዎች አጋጥመውኛል።

አጭር ማንጠልጠያ ሌላም ጣጣ አለው። ባሌስትራ ሲጫን እየተኛ ስለሚረዝም ማንጠልጠያው ወደ ኋላ መወዛወዝ አለበት። በጣም ካጠረ የሚወዛወዝበት ቦታ ያጣል፤ ሻንሲውን ይመታል ወይም ተቀርቅሮ ይቀራል። ጭነህ ስትሄድ «ጓ» የሚል ድምፅ ከኋላ ከሰማህ መጀመሪያ የምታየው እሱን ነው።

ሦስተኛው ከድርድሩ ላይ ባሌስትራ መቀነስ ነው፤ እሱ ራሱን የቻለ ጥያቄ ስለሆነ ከታች አለ። አክስሉን ከባሌስትራው ሥር አውጥቶ ከላይ ማሰር የሚባልም አለ። እሱ መኪናውን ከዐሥር ሳንቲ ሜትር በላይ ያወርደዋል፣ ሻንሲውንም መቁረጥ ይጠይቃል። ለማስተካከል ብቻ ለሚፈልግ ሰው አይሆንም።

አንድ ባሌስትራ ማውጣት ብቻ አይበቃም?

የትኛውን? ከታች ያለው ወፍራሙና ጠፍጣፋው ባሌስትራ የጭነት መደገፊያ ነው። ባዶ መኪና ላይ ብዙ ጊዜ ሌሎቹን አይነካቸውም፤ ሥራ የሚጀምረው ጭነት ሲመጣ ነው። እሱን ስታወጡ መኪናው የሚወርደው በራሱ ውፍረት ያህል፣ ማለትም አንድ ሳንቲ ሜትር አካባቢ፣ ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ነው። አነዳዱም ያን ያህል አይለወጥም። ያጣችሁት ነገር የሚታወቃችሁ ሲሚንቶ የጫናችሁ ዕለት ነው።

ከመሃል ያለውን ቀጭን ባሌስትራ ብታወጡ ደግሞ ሌላ ነው። ኋላው ይወርዳል፣ ይለሰልሳልም፤ ነገር ግን የቀሩት የእሱን ድርሻ ተካፍለው ስለሚሸከሙ ቶሎ ይደክማሉ። ዋናው፣ ማለትም ጫፉ ተጠቅልሎ ቀለበት የሠራው ባሌስትራ፣ ፈጽሞ አይነካም። አክስሉን ከሻንሲው ጋር ይዞ ያለው እሱ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ብዙ ጊዜ የዋናውን ቀለበት ከፊሉን አቅፎ የሚደግፍ ነው፤ ዋናው ቢሰበር መኪናውን የሚያቆይላችሁ እሱ ስለሆነ እሱንም ተዉት።

ባሌስትራውን በእሳት አሙቆ ማስተኛት ይቻላል የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው?

አታድርጉት። የባሌስትራ ብረት የመንጠር ጠባዩን ያገኘው ፋብሪካ ውስጥ በሙቀትና በማቀዝቀዝ ነው። በጋዝ እሳት ሲቀላ ያ ጠባይ ይጠፋል። ዝቅ ማለቱ አይቀርም፤ ዝቅ ማለቱን ግን አያቆምም። ከጥቂት ወራት በኋላ ወደ ላይ የማይመለስ ልሙጥ ብረት ይሆናል፣ ወይም የቀላበት ቦታ ላይ ይሰነጠቃል።

የአሠራሩን ልክ የሚያውቅ ባሌስትራ ቤት ብረቱን ሳያሞቅ፣ በቀዝቃዛው በመዶሻ ወይም በፕሬስ ቀስቱን ይቀንሳል። ይህ የቆየ ሙያ ነው፤ እጁ የተፈተነ ሰው ከሠራው ያገለግላል። የግራውና የቀኙ ቀስት እኩል መሆኑን ከመታሰሩ በፊት ሁለቱን ወለል ላይ ጎን ለጎን አስተኝተው እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ።

ጭነት የመሸከም አቅሙ ይቀንሳል?

እንደ መንገዱ ነው። ባሌስትራ ከተቀነሰ አዎ፣ ይቀንሳል። ታኮ ወይም ማንጠልጠያ ብቻ ከተቀየረ የባሌስትራው ኃይል አይቀንስም፤ የሚቀንሰው መንገድ ሲመታው ወደ ላይ የሚሄድበት ቦታ ነው። ከሻንሲው ሥር የተተከለ የጎማ ትራስ አለ፤ ጭነት ሲበዛ አክስሉ እሱ ላይ ያርፋል። በአክስሉና በትራሱ መሃል ዐሥር ሳንቲ ሜትር የነበረው በአራት ብታወርዱት ስድስት ይቀራል። ሰባት ኩንታል ጭናችሁ ጉድጓድ ስታገኙ አክስሉ ያንን ስድስት ጨርሶ ሻንሲውን ይደቁሰዋል። ትራሱን ቆርጦ ማሳጠር ትንሽ ቦታ ይሰጣል፤ ከሩቡ በላይ መቁረጥ ግን ብረት ከብረት ማጋጨት ነው።

በየሳምንቱ የምትጭኑ ከሆነ ምክሬ ግልጽ ነው፦ ኋላውን ተዉት።

ኋላውን ከማውረድ ፊቱን ከፍ ማድረግ አይሻልም?

የገጠር መንገድ ለሚሄድ ሰው ይሻላል፤ ከፍታ አያጣም፣ የጭነት ቦታውም አይነካም። በቀድሞዎቹ የሃይሉክስ ፎር ዊሎች፣ ሞላ የሌላቸውና በፊት በኩል በሚጠመዘዝ የብረት ዘንግ ላይ የተቀመጡት፣ የዘንጉን ማስተካከያ ቡሎን በማጥበቅ ብቻ ፊቱ ከፍ ይላል። እ.ኤ.አ. ከ2005 ወዲህ የመጡት ቪጎና ከእሱ በኋላ ያሉት ግን ፊታቸው ሞላ ነው፤ ከሞላው ራስ ላይ የሚገባ ማስነሻ ወይም ረጅም ሞላ ይፈልጋሉ።

ፊቱ ሲነሣ ወደ ጎማ ኃይል የሚወስዱት ዘንጎች በተጣመመ ማዕዘን ይሠራሉ፣ የጎማ አቋቋምም ስለሚዛባ አላይመንት ግዴታ ነው። ከተማ ውስጥ ብቻ የሚነዳ፣ ቀላልና በቀላሉ የሚመለስ ሥራ የሚፈልግ ሰው ኋላውን ቢያወርድ ይሻለዋል። ሁለቱን በትንሽ በትንሹ መከፋፈልም ይቻላል፤ ፊቱን ሁለት ሳንቲ ሜትር፣ ኋላውን ሁለት።

ሾክ አብዞርበር መቀየር አለበት?

እስከ ሦስትና አራት ሳንቲ ሜትር ድረስ ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። ከዚያ በላይ ከሆነ መኪናው ተጭኖ አክስሉ ትራሱን ሲነካ ሾኩ ራሱ ተጨፍልቆ እንዳያልቅ ማረጋገጥ ይገባል። ያለቀ ሾክ ካላችሁ ግን ለማውረዱ ሳይሆን ለደኅንነታችሁ ቀይሩት።

አንዱ ጎን ከሌላው ዝቅ ካለስ?

መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ። ሁለቱን ባሌስትራዎች ግራና ቀኝ አቀያይሩና ዝቅታው አብሮ ከተዛወረ ባሌስትራው ደክሟል። ካልተዛወረ የተሰነጠቀ ነገር፣ ያለቀ ጎሚኒ (በባሌስትራው ጫፍ ቀለበት ውስጥ ያለ ጎማ) ወይም የተጣመመ ሻንሲ ፈልጉ። በተጋደመ መኪና ላይ የተሠራ ማስተካከያ ዕድሜ የለውም።

ራሴ ግቢዬ ውስጥ ልሠራው እችላለሁ?

መፍታትና ማሰር የለመደ ሰው ከአንድ ረዳት ጋር በአንድ ቀን ይሠራዋል። ግን አንድ ሕግ አለው፦ ክሪክ ማንሻ እንጂ መቆሚያ አይደለም። ሻንሲውን በሁለት ጠንካራ የብረት መቆሚያዎች ላይ አሳርፉ፤ ድንጋይና ብሎኬት አታስቡ፣ ብሎኬት ያለ ማስጠንቀቂያ ነው የሚፈርሰው። የፊት ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም ታኮ አስደግፉ። ከዚያ ሌላ ክሪክ ከአክስሉ ሥር አስገብታችሁ ክብደቱን ያዙለት። አክስሉ እንዲሁ ከተለቀቀ የፍሬኑ ጎማ ቱቦ ላይ ይንጠለጠላል።

የባሌስትራ ድርድሩን የሚፈታ ሰው የመሃሉን ቡሎን ሲፈታ ተጠንቅቆ በሁለት መያዣ ጨምቆ ይያዘው፤ የተወጠረ ብረት ነው፣ ሲለቀቅ ይፈናጠራል። ሲታሰር ደግሞ የመሃሉ ቡሎን ራስ አክስሉ ላይ ባለው ጉድጓድ ውስጥ በትክክል መቀመጡን እዩ። ካልተቀመጠ አክስሉ ገደድ ብሎ ይታሰራል፤ መኪናው ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ጎኑን ሰጥቶ እየሄደ ጎማ ይበላል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ከባሌስትራው የፊት ቡሎን እስከ አክስሉ ያለውን ርቀት በግራም በቀኝም ለኩ፤ እኩል መሆን አለበት።

የ«ዩ» ቡሎኖቹን አራቱን ዳዶዎች በማዕዘን እየተሻገራችሁ ቀስ በቀስ፣ በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ላይ ባለው የማጥበቂያ ልክ እሰሩ። የማንጠልጠያውንና የባሌስትራውን የጫፍ ቡሎኖች ግን መኪናው ጎማው ላይ ቆሞ ክብደቱ ካረፈበት በኋላ ነው የምታጠብቁት። ተንጠልጥሎ ከጠበቁ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ይቀርና በአጭር ጊዜ ይቀደዳል። ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከነዳችሁ በኋላ ሁሉንም እንደገና አጥብቁ። ያን ጊዜ ሩብ ዙር የሚዞር ዳዶ ሳታገኙ አትቀሩም።

ካስወረድኩ በኋላ ስነሣ ከሥሬ ይንቀጠቀጣል። ምን ሆነ?

ከካምቢዮ ወደ ዲፍሬንሻል የሚሄደው ዘንግ ማዕዘን ተለውጧል። የባሌስትራው የኋላ ጫፍ ብቻ ከፍ ሲል አክስሉ አብሮ ይሽከረከርና የዲፍሬንሻሉ አፍንጫ ወደ መሬት ያያል። ክሮቼራዎቹ፣ ማለትም በዘንጉ ጫፎች ላይ ያሉት የመስቀል ቅርጽ መገጣጠሚያዎች፣ የሚስማሙት በፊትና በኋላ ያለው ማዕዘን ሲመጣጠን ነው፤ ካልተመጣጠነ ዘንጉ በአንድ ዙር ውስጥ ሁለት ጊዜ እየፈጠነና እየዘገየ ያንቀጠቅጣችኋል። ታኮ ያወጣ ሰው ይህ ብዙም አያጋጥመውም፤ ማንጠልጠያ የቀየረ ሰው ነው የሚያጋጥመው።

መድኃኒቱ በአክስሉና በባሌስትራው መሃል የሚገባ የብረት ሽብልቅ ነው። ሁለት ዲግሪ፣ ቢበዛ አራት። ወፍራም ጎኑ ወደየት እንደሚዞር አስቡበት። ባሌስትራው ከአክስሉ በላይ ከሆነና አፍንጫው ቀና እንዲል ከተፈለገ ወፍራሙ ጎን ወደ ኋላ ይዞራል። ከዚያ በፊት ግን ዘንጉ ሁለት ቁራጭ ከሆነ መሃል ላይ የተሸከመውን ኩሽኔታ እዩ። አርጅቶ ከነበረ ማዕዘኑ ሲለወጥ ድክመቱ ይጋለጣል፤ ጥፋቱ የሽብልቅ አይደለም።

ፍሬኑ ላይ ለውጥ አለው?

አለው፤ ብዙ ጋራዥ የሚዘነጋው ይህን ነው። በብዙ ሃይሉክሶችና መሰሎቻቸው ላይ ከሻንሲው ወደ አክስሉ የሚሄድ ቀጭን ዘንግ አለ፤ ጫፉ የኋላ ፍሬን ግፊት መቆጣጠሪያ ጋር ተያይዟል። ሥራው ጭነት መኖሩን ማወቅ ነው። የሚያውቀውም በከፍታ ነው፦ ሻንሲው ወደ አክስሉ ሲጠጋ «ተጭኗል» ብሎ ለኋላ ጎማ ብዙ ግፊት ይለቃል፣ ሲርቅ ደግሞ ይቀንሳል። እናንተ ኋላውን ስታወርዱ ባዶው መኪና ለእሱ የተጫነ ይመስለዋል። ኋላው ቀላል ሆኖ ሳለ ብዙ ፍሬን ይደርሰዋል፣ ጎማዎቹም ከፊቶቹ ቀድመው ይቆለፋሉ።

ይህን የተማርኩት በራሴ ላይ ነው። መኪናዬ ከጋራዥ በወጣ በሦስተኛው ቀን፣ ክረምት ነበር፣ ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ስወርድ አንድ አህያ መንገድ ገባች። ፍሬን ስይዝ ኋላዬ ወደ ግራ ዞሮ ከአስፋልቱ ጠርዝ ጋር ተጋጠመ። አህያዋም እኔም ተርፈናል። ወደ ጋራዡ ተመልሼ ሥሩን ሳሳያቸው ዘንጉ እንደነበረ ነው፤ ማንም አልነካውም። አሁን ማንም ሰው ኋላውን ሲያስወርድ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለዚህ ዘንግ ነው።

መፍትሔው ባወረዳችሁት ልክ የዘንጉን መያዣ ማንቀሳቀስ ወይም ማስተካከያ ካለው እሱን ማዞር ነው፤ ትክክለኛው ልክ የሚገኘው በመመሪያው በተጻፈው የግፊት መለኪያ ነው። ከዚያ ባዶ ሜዳ ላይ፣ በዝግታ፣ ፍሬን ይዛችሁ ቀድሞ የሚቆለፈው የፊት ጎማ መሆኑን አረጋግጡ። አዳዲሶቹ ኤ ቢ ኤስ ያላቸው መኪኖች ብዙዎቹ ይህ ዘንግ የላቸውም። ባሌስትራ ያስጨመራችሁና ኋላችሁ የተሰቀለ ደግሞ ተቃራኒው ይደርስባችኋል፤ የተጫነ መኪና ይዛችሁ የኋላ ፍሬናችሁ በሙሉ ኃይሉ አይሠራም።

የፊት መብራቱስ?

ይነሣል። ስሌቱን እናድርገው። የደብል ጋቢና ሃይሉክስ የፊትና የኋላ አክስል ርቀት 3,085 ሚሊ ሜትር ነው። ኋላውን ሦስት ሳንቲ ሜትር ብታወርዱ ብርሃኑ በዐሥር ሜትር ርቀት ላይ ዐሥር ሳንቲ ሜትር ገደማ ሽቅብ ይወጣል። አጭሩ መብራት ሲስተካከል በዐሥር ሜትር ዐሥር ሳንቲ ሜትር ያህል እንዲወርድ ተደርጎ ነው፤ ስለዚህ ያቺ ሦስት ሳንቲ ሜትር ቁልቁለቱን ሙሉ በሙሉ በላችው ማለት ነው። ማታ ላይ ከፊት ለፊት የሚመጣው ሁሉ ረጅም መብራት እያበራ ቢገሥጻችሁ አትቆጡ።

ከሥራው በፊት ማታ ከግድግዳ ፊት አቁማችሁ የብርሃኑን ጠርዝ በኖራ አስምሩ፤ ከሥራው በኋላ እዚያው ቦታ አቁማችሁ በመብራቱ ማስተካከያ ቡሎን ወደ ምልክቱ መልሱት። ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ቁጥር ያላት መዘውር ለጭነት ቀን ናትና እሷን በዚህ አትጨርሷት።

ኋላው ባሌስትራ ሳይሆን ሞላ የሆነ ፒክአፕስ?

ዶጅ ራም 1500 እ.ኤ.አ. ከ2009 ሞዴል ጀምሮ፣ ኒሳን ናቫራ በ2014 በወጣው ትውልድ በብዙ አገር የሚሸጠው ደብል ጋቢናው፣ ከ2024 ጀምሮ ደግሞ አብዛኞቹ ቶዮታ ታኮማዎች ኋላቸው ሞላ ነው። እነዚህ የሚወርዱት በአጭር ሞላ ነው፤ ሞላ ቆርጦ ማሳጠር ጥንካሬውንም አቀማመጡንም ያበላሻል። ልብ የሚባለው ሌላ ነገር አክስሉን ወደ ጎን እንዳይሄድ የሚይዘው አግድም ዘንግ ነው። መኪናው ሲወርድ ያ ዘንግ አክስሉን ወደ አንድ ጎን ይገፋዋል። ሦስት ሳንቲ ሜትር ላይ ልዩነቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ርዝመቱ የሚስተካከል ዘንግ ይገዛል።

ዓመታዊ ምርመራ ላይ ችግር ያመጣል?

ምርመራው ከሚያያቸው ነገሮች ፍሬንና መብራት ዋነኞቹ ናቸው፤ የማውረዱ ሥራም የሚነካው እነዚያኑ ነው። ሁለቱን ካስተካከላችሁ ሦስት ሳንቲ ሜትር የሚያስደነግጥ ነገር የለውም። ለኢንሹራንስ ድርጅታችሁ ግን በጽሑፍ አሳውቁ። ውጭ አገር ያላችሁ የአገሩን ሕግ እዩ፤ ለምሳሌ በጀርመን እንዲህ ያለው ለውጥ ተመርምሮ በመኪናው ሰነድ ላይ መመዝገብ አለበት።

አልፎ አልፎ ብጭንስ? የተጫነ ቀን ኋላው እንዳይዘቅጥ ምን ላድርግ?

በአክስሉና በሻንሲው መሃል የሚገቡ የአየር ትራሶች አሉ። በጎማ መንፊያ ይነፋሉ፤ ባዶ ቀን በትንሽ ንፋስ ይቆያሉ፣ የጭነት ቀን ይነፉና ኋላውን ወደ ደልዳላው ይመልሱታል። ሲነፉ መኪናውን ያስተካክላሉ እንጂ አክስሉን፣ ሻንሲውንና ጎማውን አያጠነክሩም። መኪናው አሥር ኩንታል የተፈቀደለት ከሆነ ትራስ ስላለው ዐሥራ ሁለት አይሆንም። ባሌስትራ ያወጣችሁ ከሆነማ ከተፈቀደውም ዝቅ ብላችሁ ጫኑ።

ሐሳቤን ብለውጥ ወይም መኪናውን ብሸጥ መመለስ ይቻላል?

ምንም ካልተቆረጠ በግማሽ ቀን ይመለሳል። ስለዚህ የወጣውን ሁሉ አስቀምጡ፦ ባሌስትራውን፣ ታኮውን፣ ማንጠልጠያውን። የግራና የቀኙን በቀለም ምልክት አድርጉበት፣ ዘይት ቀብታችሁ በጆንያ ጠቅልሉት። የ«ዩ» ቡሎኖቹን አዲስ ትገዛላችሁ። የፍሬን መቆጣጠሪያውን ዘንግና መብራቱን ደግሞ ወደ ነበሩበት መልሱ። ገዢው እህል ጫኝ ከሆነ ጆንያውን ከመኪናው ጋር አስረክቡት፤ ምን ተወስዶ ምን እንደቀረም ከሥሩ አጎንብሳችሁ አሳዩት።